የትንሹ ድብ ቀኝ ጆሮ

ከአሥር ጣቶቹ ዘጠኙ ጥቁር ናቸው፣ አንዷ ነጭ። ሰውዬውን ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ግራሶ፣ ዝገትና የቀለም ፍቅፋቂ ዓመት ሙሉ በጠጣው እጅ ላይ የቀኙ ሌባ ጣት ብቻዋን ታጥባ እንደወጣች ታበራለች። ጥፍሯ ተሞርዷል። ሥራ ላይ ሲሆን ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠ የላስቲክ ኮፍያ ያጠልቅላታል። መዶሻውን ሲጨብጥ አራቱ ጣቶች እጀታውን ያንቃሉ፣ እሷ ግን ድግስ ላይ እንደተጠራች እንግዳ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

«ያቺ ጣት ምን ሆና ነው የማትሠራው?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ እንደሆነ፣ ጋራዡ ውስጥ አብሮት የሚሠራው በያጅ ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ «እሷ የቢሮ ሠራተኛ ናት» ይላል።

ሰውዬው ባቲላሜራ ነው። ተጋጭቶ የተጨረማመተ መኪና ይመጣለታል፣ ቀጥቅጦ ያቀናዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ደንበኛ የለም፤ ሁሉም «ዳኛው» ነው የሚሉት። ስሙን ያገኘው አንድ የታክሲ ሹፌርና አንድ የዳቦ ማመላለሻ ሹፌር አንገት ለአንገት ተናንቀው ጋራዡ ድረስ የመጡ ቀን ነው። የአንዱ አፍንጫ ይደማል፣ የሌላው ሸሚዝ እስከ እምብርቱ ተተርትሯል። እኔ ቆሜ ነበር፣ አንተ መጣህብኝ፣ እናትህ ትምጣብህና የሚል ጩኸት ጋራዡን ሞላው። እሱ ሰዎቹን ዞር ብሎም አላየ። ወደ ታክሲው በር ጎንበስ አለና ጉድጓዱን በመዳፉ ዳበሰው፣ ሐኪም የሕፃን ሆድ እንደሚዳብስ።

«ይሄ ምት ከኋላ የመጣ ነው» አለ። «የዳቦው፣ አንተ ነህ።»

«አንተ ደግሞ እዛ ነበርክ?»

«አልነበርኩም። በሩ ግን ነበር።»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖሊስ ጽፎ የሄደውን እንኳ እሱ ጋ ይግባኝ የሚሉ ሹፌሮች አሉ። ብረት አይዋሽም ይላቸዋል። የመታ ሰው ይረሳል፣ የተመታ ሰው ያጋንናል፣ ብረት ግን ያገኘውን ያህል ብቻ ነው የሚናገረው።

በምሳ ሰዓት ከተነቀለ የመኪና ወንበር ላይ ይቀመጣል። ላስቲኩን ያወልቃል፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ያስደግፋል፣ በነጯ ጣት ይስላል። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የጥገና ዋጋ ከሚጽፍበት ወረቀት ሌላ ምንም ሞነጫጭሮ የማያውቅ ሰው ነው። አሁን ግን መቶ አርባ ሰዎች ያሉበት የስልክ ቡድን ውስጥ ገብቷል። የአኒሜሽን ፊልም የሚያፈቅሩ ሰዎች ናቸው። የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት እንደየስሜታቸው ስለው ይለጥፋሉ፣ ፊልሙ ያላሳየውን ትዕይንት ደግሞ በስቶሪቦርድ ይዘረዝራሉ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ካሜራው ከየት እንደሚያይ፣ እጅ መቼ እንደሚነሳ በትንንሽ ሳጥኖች፣ በተርታ። ከአባላቱ መካከል ጥንቸል ብቻ የምትስል ፋርማሲስት አለች። ሥራ ላይ ሆኖ በትኬት ጀርባ የሚነድፍ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭም አለ።

ቡድኑ አንድ ሕግ አለው። «ያምራል» ማለት ክልክል ነው። አስተያየት ያለው ሰው በተለጠፈው ሥዕል ላይ በቀይ መስመር ስሎ ይመልሳል። ቀዩ ክንድ የት መሆን እንዳለበት፣ ቀዩ እግር የት እንደሚረግጥ ከጥቁሩ በላይ ተጋድሞ ይታያል። በቃላት መከራከር የለም፤ የማይስማማ ሰው እንደገና ይስላል። በዚህ ሥራ ከሁሉም የምትፈራው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ፊቷን ያየ የለም። ቡድኑ «ቀይ እርሳስ» ይላታል። በዕድሜ የሚበልጧትን ወንዶች ሁሉ «ጋሼ» እያለች አክብራ፣ ሥዕላቸውን ታርደዋለች።

ሁሉም የሚሽቀዳደሙበት ፊልም የሁለት ድቦች ታሪክ ነው። ወንድማማቾች ናቸው፤ ትልቁ ጥቁር፣ ትንሹ ቡናማ። አባታቸው በተወው የእንጨት ቤት አብረው ይኖራሉ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል የቤቱ በር ይዘጋል። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተመልካቹ የሚያየው የተዘጋ በር ብቻ ነው። ወንበር ይሰበራል። የሆነ ከባድ ነገር ከግድግዳ ይላተማል። ጩኸት የለም። ቀጥሎ በሩ ይከፈትና ትንሹ ድብ ቀኝ ጆሮው ተቀዶ ይወጣል፣ በበረዶው ላይ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ምን እንደተፈጠረ ፊልሙ አይናገርም። ዳኛው ይህን ፊልም አሥራ አንድ ጊዜ አይቶታል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

እና አንድ ቀን ከበሩ ጀርባ ያለውን ሊስል ተነሣ። አርባ ሳጥን። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በያጁ ከትከሻው በላይ አጮልቆ ሲያይ ያየውን ማመን አቃተው፤ ይህ ከእጁ መዶሻ የማይለይ ሰው የድብ ጠጉር አንድ በአንድ ይስላል። ግን የጠጉሩ ልስላሴ ከታች ያለውን አይሸፍነውም ነበር። በስድስተኛው ሳጥን ትንሹ ድብ የብረት ዘንግ አንሥቶ በትልቁ ላይ ይወረወራል። በአሥረኛው ዘንጉ ትከሻ ሲሰብር አጥንቱ በቆዳው ውስጥ ይጎብጣል። በአሥራ አምስተኛው ጥርስ እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋል። በሃያ አንደኛው ትልቁ ድብ፣ ሌላ አማራጭ ያጣው፣ ራሱን ለማዳን ፊት ለፊት ይሰነዝራል፤ መዳፉ ጆሮ ላይ ያርፋል፣ ደሙ ካሜራው ላይ ይረጫል። እንዲህ ያለ የድብድብ ሥዕል ቡድኑ አይቶ አያውቅም። ትኬት ቆራጩ ሕጉን ጥሶ «ሆዴን ነካኝ» ብሎ ጻፈ።

ቀይ እርሳስ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሳጥን ብቻ መለሰች። በስድስተኛው ላይ የብረት ዘንጉ በቀይ ተሰርዟል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ትንሹ ድብ በፊልሙ ሙሉ ምንም ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም። ቤቱ ውስጥም ብረት የለም። ይሄ ከየት መጣ?» በሃያ አንደኛው ላይ ደግሞ የትልቁ ድብ ክንድ በቀይ ቀስት ተከትሎ ተስሏል፤ ቀስቱ የሚያርፈው በግራ ጆሮ ላይ ነው። «ፊት ለፊት ቆሞ በቀኝ እጁ ከመታው የሚቀደደው ግራው ነው። የተቀደደው ቀኙ ነው።»

ዳኛው ይህን ያነበበው መጥረጊያ ጨርቅ በአፉ ነክሶ ነው። ጨርቁን ተፋው። ጋሼ የምትለዋ ቃል ለብቻዋ ወግታዋለች፤ በሕይወቱ እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሌላ ሰው አንድ ታናሽ ወንድሙ ብቻ ነበር፣ እሱም ከተወው ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«ጣትሽን ቆርጥሜ ነው የምጥለው» ብሎ ጻፈላት።

ወዲያው መለሰች። «እሺ ጋሼ። መጀመሪያ ግን ጆሮውን አስተካክል።»

ከሰዓት በኋላ የአንድ ጥቁር መኪና በር እያቀና ነበር። አንዱን ጉድጓድ ሁለቴ ሦስቴ ነካ ነካ ማድረግ ይበቃ ነበር። እሱ ግን መታው። መልሶ መታው። ድምፁ ከጋራዡ አልፎ መንገዱን ሲያናውጥ ከፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ በሩን ዘጋ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም። ብረቱ ነጭ ሆነ፣ ቀጠነ፣ በመጨረሻ እንደ ወረቀት ተቀደደና መዶሻው በቀዳዳው ገብቶ ተቀረቀረ። በያጁ መጥቶ በቀዳዳው በኩል አጮለቀ።

«በሩ ምን አደረገህ?» አለው።

«ዞር በል።»

«ዞር እላለሁ። ለባለቤቱ ግን መስኮት ተጨመረልዎት ብለህ አንተው ንገረው።»

ዳኛው አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። በያጁ አልተፍጨረጨረም። የወዳጁን ዓይን አየ፤ ያ ዓይን እሱን እያየ እንዳልሆነ ገባው። ቀስ ብሎ «እኔ ነኝ» አለው። «እኔ ነኝ እኮ።» እጁ ላላ።

በማግስቱ ትልቁን ድብ ግራኝ አድርጎ ሳለው። ቀይ እርሳስ ሦስት የፊልሙን ምስሎች ለጠፈች፦ ትልቁ ድብ እንጨት የሚፈልጠው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ትንሹን ደግፎ የሚያስተኛው በቀኝ እጁ ነው። በእጁ ጀርባ አስመታው። እሷም «እንዲህ የተመታ ጆሮ ይቀላል እንጂ አይቀደድም» ብላ በቀይ መለሰች። ቢቸግረው አንድ አሮጌ የመኪና ኮፈን ከጣሪያው ብረት ላይ በሰንሰለት አንጠለጠለ፣ በጠመኔ ፊት ሳለበት፣ ግራና ቀኝ ጆሮ አበጀለት። ፊት ለፊቱ ቆሞ መታ። ጉድጓዱ ግራ ጆሮ ላይ ወጣ። እንደገና መታ፤ ግራ ጆሮ። ዘለለ፣ ጎንበስ አለ፣ ተሽከረከረ፤ ግራ ጆሮ። ሃያ ጊዜ መታ፤ ግራው ጆሮ ተጠፍጥፎ የጠመኔ አቧራ ሆነ። ቀኙ ንጹሕ ነው።

ከዚያ በኮፈኑ ዙሪያ ዞሮ ከኋላው ቆመ።  አንድ ጊዜ ብቻ መታ።

ቀኝ ጆሮ።

ብረቱ እየተወዛወዘ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እጁን አንጠልጥሎ ቆሞ ቀረ። ጉድጓዱን በመዳፉ ዳበሰው። ዳኛው ይግባኝ የሌለበትን ፍርድ ሲያነብ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር፤ ተከሳሹ ራሱ ነውና።

ከስድስት ዓመት በፊት ይህ ጋራዥ የሁለት ወንድማማቾች ነበር። ታላቅየው ይቀጠቅጣል፣ ታናሽየው ይቀባል። ታናሽየው ተጫዋች ነው፤ ሳይሳቅበት የሚያልፍ ነገር የለም። አንድ ጠዋት ታላቁ ሁለት ቀን የለፋበትን በር ሊቀባ ሲል፣ ባለ መኪናው ቆሞ እየሰማ «ጌታው፣ በሩ አልቀናም፤ ቀጥ አድርጎ የያዘው ጉድጓዱን የደፈንኩበት የኔ ስቱኮ ነው» አለና ሳቀ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ባለ መኪናው ሳቀ። ታላቁ ምንም ሳይናገር ወደ ውጭ ወጣ፤ ደሙ ግን በጆሮው ውስጥ ይዘል ነበር። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን ተመለሰ። ታናሹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ያሻሻል። የእንጨቱ መዶሻ ቅርብ ነበር።

ታናሹ ሳይጮኽ ነው የወደቀው። ደም ከጆሮው በቀጭኑ ወረደ፣ ከዚያ አፉ አረፋ ደፈቀ። ታላቁ ያንን ያየ ጊዜ እጁ የሠራውን ሥራ እግሩ ሊሸሸው ፈለገ፤ አልሸሸም፤ ከዚያ የባሰ አደረገ። ከጥግ አንድ የብረት ዘንግ አመጣና ከወንድሙ እጅ አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ጮኸ። ታናሹ ከሆስፒታል ቀኝ ጆሮው ደንቁሮ ሲወጣ፣ ወሬው እንደ ስቱኮ ደርቆ፣ ተስተካክሎ፣ ተቀብቶ ቆየው፤ በወንድሙ ላይ ብረት አነሣ። እናታቸው «ወንድሙን ሊገድል የተነሣ ልጅ ደጄን እንዳይረግጥ» አለች። የታናሹን ቃል የሰማው አልነበረም። ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ የራሱን ቀለም ቤት ከፈተ። ደንበኛ ሲያናግር በግራ በኩል ያቆመዋል።

አሁን እናትየው ሩቅ ከተማ ወደምትኖረው ሴት ልጇ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። እሑድ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ወተት የሚያመጣላት ሰው ሳይቀር እየመጣ ተሰናብቷታል። አንድ ሰው ሲቀር።

ዳኛው ዓርብ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሳይነካ፣ ጠጉሩን ትቶ፣ አርባውን ሳጥን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳለ። ዘንጉን ከስድስተኛው አወጣው። የረገፈውን ጥርስ፣ የተሰበረውን ትከሻ አጠፋ፤ እነዚያ አልነበሩምና። በሃያ አንደኛው ሳጥን ትንሹ ድብ ጎንበስ ብሎ በር ያሻሻል፣ ትልቁ ከኋላው ቆሟል። በአርባኛው ትልቁ ድብ የብረቱን ዘንግ ከወደቀው መዳፍ አጠገብ ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። ለጠፈው።

ቀይ እርሳስ በዚያ ሁሉ ሳጥን ላይ አንዲት ቀይ ጭረት አላሳረፈችም። ጥቂት ቆይታ «ጋሼ፣ አሁን አመንኩት» ብላ ብቻ ጻፈች። ከዚያ ሕጉ ሁሉ ፈረሰ። ያምራል፣ ያስፈራል፣ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ የፊልሙ ፍጻሜ ይሄ ነው የሚል መልእክት ዘነበ። ፋርማሲስቷ ከጥንቸሎቿ አንዷን ልካ አጨበጨበችለት። ዳኛው ሙገሳውን ሳይጨርስ ስልኩን ዘግቶ የተንጠለጠለውን ኮፈን ከሰንሰለቱ ላይ አወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ቤት ሄደ። የግቢው በር እንደ ወትሮው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እናቱ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ ታጣጥፋለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

«መነጽሬን ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ።»

«እኔ አወጣዋለሁ።»

አወጣላት። ስልኩን ከዓይኗ አራቀችው፣ አቀረበችው።

«ድብ ነው?»

«ድብ ነው።»

«በዚህ ዕድሜህ?» አለች። ቢሆንም ማየት ጀመረች፤ ልጇ የሳለውን አይታ አታውቅም ነበርና ደነቃት። «ትልቁ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሳጥኑን የምትገፋው ጣቷ ቆመች። «ትንሹስ?»

 ሳጥኑን ራሷ ገፋች። ሌላም ገፋች።

«ጎንበስ ብሎ ምን እየሠራ ነው?»

«በር እያሻሸ ነው።»

«አንተ ከኋላው ምን ትሠራለህ?»

ጣቱን ዘርግቶ የሚቀጥለውን ሳጥን ገፋላት።  እናቱ ሃያ ሁለተኛውን አየች፣ ሃያ ሦስተኛውን፣ አረፋውን። አንዱንም አልዘለለችም። «ብረቱስ?» አለች። «ያመጣብህ ብረት የታለ?»

«መጨረሻው ላይ ነው።»

አርባኛውን ብዙ አየችው። ከዚያ በስልኩ በሙሉ ኃይሏ ግንባሩን መታችው። ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ደገመችው፤ ሦስተኛውን ስትሰነዝር እጇ ደክሞ ትከሻው ላይ ወደቀ። እሱ ደሙን አልጠረገም።

«የግቢውን በርም እኔ አይደለሁም የምቀባው» አለ። «ገበያ ስትሄጂ እየጠበቀ፣ በየዓመቱ እሱ ነው የሚቀባው። ስታመሰግኚኝ ዝም እያልኩሽ ነው።»

እናቱ ያጣጠፈችውን ልብስ አንሥታ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። «የወለድኩትን ልጅ ስድስት ዓመት ከደጄ ያባረርኩት በአንተ አፍ ነው» አለች፣ ለልብሱ እንደምትነግር።

«አዎ።»

«ሂድና ጥራው። አብረኸው እንዳትመጣ። ነገ እስክወጣ ድረስ ይቺን ደጅ እንዳትረግጣት።»

«ሻንጣውን ማን ያወርድልሻል?»

«ልጄ ያወርደዋል።»

ታናሽየው በጋዜጣ የተሸፋፈነ መኪና ፊት ቆሞ የቀለም መርጫውን ያጥባል። ወንድሙን በሩ ላይ ሲያይ የአፍ መሸፈኛውን ወደ አገጩ አወረደ። ደም ያዘለውን ቅንድብ አየ። ዳኛው ሳያስበው በግራ በኩል ዞሮ ቆመለት።

«እማዬ ትጠራሃለች።»

«ታማለች?»

«አልታመመችም። ነገርኳት።»

«ምኑን?»

ስልኩን ሰጠው። ጥጉ በእናታቸው ምት ተሰንጥቋል፣ ምስሉ ግን ይታያል። ታናሽየው አርባውን ሳጥን ቆሞ ጨረሰ። ፊቱ ምንም አልተለወጠም። መልሶ ሃያ አንደኛው ላይ መጣ።

«ይሄ ቀይ ቀለም ምንድን ነው፣ እዚህ ጥግ ያለው?»

«ማረሚያ ነው። የተሳሳተ ነገር ያየ ሰው በእሱ ይስላል።»

ታናሽየው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። በትንሹ ድብ ፊት ላይ፣ አፉ ባለበት፣ አንዲት ጎባጣ መስመር በቀይ ሳለ። ድቡ ሳቀ።

«እየሳቅኩ ነበር» አለ። «ስትገባ ሰምቼሃለሁ። ያኔ ሁለቱም ይሰሙኝ ነበር። በእግርህ ኮቴ አወቅኩህ፤ ልትቀልድብኝ የመጣህ መስሎኝ ነው ያልዞርኩት።» መርጫውን አስቀመጠ። «በሩ ደግሞ ቀንቶ ነበር። እንዳንተ የሚያቀና ሰው አላየሁም። ስቱኮ ያልኩት ለሳቅ ነው።»



«ቁም» አለው ታናሽየው፣ ጓንቱን እያወለቀ። «እዚህ ጋ። ፊት ለፊቴ።»

ቆመ። የመጀመሪያው ቡጢ ግራ ጆሮው ላይ ሲያርፍ ዓለም በሙሉ ደወል ሆነች። እግሩን አጸና፣ እጁን አላነሣም። ሁለተኛው እዚያው አረፈ፤ ቆዳው ተቀደደ፣ ደሙ በአንገቱ ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ከመኪናው ጋር ተላትሞ ወደቀ፣ ጋዜጣው ተቀደደ፣ የቀለም ጣሳው ተገልብጦ በሁለቱ መሀል ግራጫ ኩሬ ሆነ። ታናሽየው በኮሌታው ይዞ አነሣው፣ ዳግመኛ ፊት ለፊቱ አቆመው። በአራተኛው ላይ እጁ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ። 

«አየህ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ከፊት ሲሆን እዚህ ነው የሚያርፈው።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ታውቃለህ።»

ኮሌታውን ለቀቀ። ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ፣ በብብቱ ሥር የተበሳውን የሥራ ልብስ አውልቆ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ቁልፎቹን አሳስቶ ቆለፋቸውና ፈትቶ እንደገና ቆለፋቸው። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«ይሄን ይዤው እሄዳለሁ» አለ። «ሳቁንም ትየው።»

«ውሰደው።»

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?»

«ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ይመጣል።»

ታናሽየው ሌላ አልጠየቀም። በፍጥነት ወጣ፤ መጀመሪያ ተራመደ፣ ከመታጠፊያው ሳይደርስ ግን ሮጠ። አረንጓዴው በር በዚያ በኩል ነው።

ዳኛው ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ። የመጥረጊያ ጨርቅ አንሥቶ ጆሮው ላይ ያዘ፣ ከወደቀበት የተከተለው ግራጫ ቀለም ከጫማው ይንጠባጠባል። ከዚያ በተቃራኒው፣ ወደ ጋራዡ በሚወስደው መንገድ ገባ። አንድ ብስክሌተኛ ከኋላው መጥቶ በግራ በኩል ደወለለት፤ አልሰማም። ብስክሌተኛው እየተሳደበ ጥሎት አለፈ። እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቀጠለ። ግራ እጁ ጨርቁን ጆሮው ላይ ይዟል፣ ቀኝ እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ነጯ ጣት በሱሪው ስፌት ላይ አንዲት ጎባጣ መስመር እየሳለች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየሳለች ልብስ ሰፊው ሱቅ ጋ ታጠፈ።